በፖስታ የተላከ ሽማግሌ

ወንበር የሚባለውን ነገር ከእኔ አብልጦ የሚያውቅ ሰው አሥመራ ውስጥ ካለ ይምጣና እንተያይ። ገዛ ባንዳ ሰፈር ያለችው ሱቄ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ነው የሚያወራው። ግን ከዚያች ሱቅ በወጣ ወንበር ላይ ያልተቀመጠ ነጋዴ፣ መኮንን፣ የቢሮ ሹም የለም ብል ማጋነን አይደለም። ማጋነን ቢሆንም ግድ የለኝም። ሥራዬ የማኪና ወንበር ማልበስ ነው። ሞላውን አጠብቃለሁ፣ ጥጡን እሞላለሁ፣ ቆዳውን እሰፋለሁ። አንድ ወንበር ላይ ቁጭ ስል ዐይኔን ጨፍኜ የትኛው ሞላ እንደደከመ፣ የትኛው እንደተሰበረ፣ ጥጡን ማን እንደሞላው እነግራችኋለሁ። ሌላው ባለሙያ በጣቱ ዳስሶ ነው የሚያውቀው። እኔ በምኔ እንደማውቅ መናገር ግን ጨዋነት አይሆንም።

የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ይህን የምለው አፍሬ እንዳይመስላችሁ፤ እየኮራሁ ነው። ትግርኛዬን ከእናቴ ወሰድኩ። ጣልያንኛዬን ማኪና ስር ተኝተው ከሚሳደቡ መካኒኮች ለቀምኩ። ስለዚህ ስለ ፍሬንና ስለ ሰው እናት ሲሆን ጣልያንኛዬ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ ለሌላው ነገር ግን ከራሴ እየጨመርኩበት ነው። አማርኛዬን ደግሞ ቢሮው ሁሉ በአማርኛ ከሆነ ወዲህ፣ ወንበራቸው እስኪሰፋ ሱቄ በር ላይ ከሚጠብቁ መኮንኖች ሰበሰብኩ። አንዳንድ የመሀል አገር ሰዎች ሐ እና ዐ ከጉሮሮዬ ሲወጡ ይስቁብኛል። እኔ ደግሞ እነሱን ነው የምታዘባቸው። ፊደሉን ይጽፉታል፣ ድምፁን የት እንዳደረሱት ግን አይናገሩም። እኛ ነን ጠብቀን ያቆየንላቸው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው በቤተሰብ ውስጥ ካለ፣ ሽምግልና ሲመጣ ማን ይላክ ተብሎ አይጠየቅም። የእህቴ ልጅ መሓሪ አሥመራ ስልክ ቤት ነው የሚሠራው፤ መስመር ያገናኛል። ከረን ስልክ ቤት ደግሞ ጥሩወርቅ የምትባል ልጅ ትሠራለች፤ እሷም መስመር ታገናኛለች። የነጋዴውን ከነጋዴ፣ የመኮንኑን ከመኮንን ሲያገናኙ የራሳቸውንም አልረሱ። ሳይተያዩ በድምፅ ተዋደዱ። ከተያዩ በኋላም ሐሳቧን አለመቀየሯ ነው የሚገርመኝ፤ መሓሪ መልኩ ወደ አባቱ ወገን ነው የሄደው።

የጥሩወርቅ አባት ዳኛ ደምሴ ይባላሉ፤ ከረን ላይ ችሎት የሚያስችሉ የጎጃም ሰው። ስለሳቸው የማይወራ የለም። ችሎት ላይ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሰው ካዩ፣ "የተከሰሰው ግድግዳው ነው?" ይሉታል አሉ። ሰው ፊታቸው ቆሞ እግሩ እስኪዝል ይሰማሉ እንጂ አይቸኩሉም። እሳቸው ግን በቅሎ ጥላቸው አንድ ጉልበታቸው ስለተጎዳ መቆም አይሆንላቸውም። እንግዲህ እኚህ ሰው ወደ ሐረር ተዛወሩ፤ ሰኞ ዕቃቸው ይጫናል። መሓሪ በልጅቷ በኩል በስንት ልመና መልእክት ቢያስገባ፣ መልሱ እንዲህ ሆኖ መጣ፦ እሑድ ከምሳ በፊት ሽማግሌ ከመጣ እሰማለሁ፤ ምሳ ከቀረበ በኋላ የመጣ ግን ዕቃ ሲታሰር አይቶ ይመለሳል።

መሓሪ ሱቄ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ወንበር ሰጠሁት፣ አልቀመጥም አለ።

"ኣኮይ" አለኝ፤ የእናቱ ወንድም ስለሆንኩ በትግርኛ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። "ሐረር ከወሰዷት መስመሩ ተቆረጠ ማለት ነው። እኔ የሰው መስመር እንጂ የራሴን መቀጠል አልችልም።"

ይህን ሲል ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ደረቴን መትቼ፣ ባዶ እጄን ከተመለስኩ ስሜን ቀይሩት አልኩት። ስሜን ለእናንተ ያልነገርኳችሁ ለዚሁ ነው፤ ምናልባት ከተቀየረ ብዬ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆንን። አንዱ የሰፈራችን ቄስ ቀሺ ሃብተ ናቸው፤ የዚያን እሑድ ቅዳሴ ለባልደረባቸው ሰጥተው እሺ አሉን። ሁለተኛው ባሻይ ተኽለ፣ በጣልያን ጊዜ ወታደር የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። መድፍ ጆሯቸውን ወስዶታል፤ ወይም እሳቸው እንደሚሉት፣ ጆሯቸው የማይረባ ወሬ መስማት ስለሰለቸው ጡረታ ወጥቷል። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ቀሺ ሃብተ ለመስቀሉ፣ ባሻይ ለሽበታቸው፣ እኔ ለአፌ ነው የተመረጥነው። ጉዞውን የማሰናዳውም እኔ ሆንኩ፤ ነገሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ከረን የሚሄዱ ኮሪየራዎች ሁለት ናቸው። አገር አቋራጩን አውቶቡስ አሥመራ ላይ ኮሪየራ ነው የምንለው፤ ጣልያን ሲሄድ ጥሎልን የሄደው ስም ነው። አንደኛዋን ሰዉ ሙሽሪት ብሎ ይጠራታል። መስኮቷ ላይ መጋረጃ አላት፣ አካሏ ይታጠባል፣ መንገድ እኩል ላይ ስትደርስ ረዳቱ ለተሳፋሪው ጋዞዛ ያድላል። ለስላሳው መጠጥ ቀዝቃዛ ባይሆንም፣ ተቀምጠህ ሰው ሲያመጣልህ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛዋ ፍየል ትባላለች፤ የማትወጣው ዳገት ስለሌለ። ሲነጋ ትነሳለች፣ እጁን ላነሳ ሁሉ ትቆማለች፣ ጣሪያዋ ላይ በግ ይጫናል፣ ውስጧ ዶሮ ይጮኻል። ግን ፍየል ሄዳ ቀረች ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ሦስተኛም አለች፤ እሷን ግን እንደ ኮሪየራ የቆጠራት ሰው ስለሌለ እኔም አልቆጠርኳትም።

ባለቤቴ ለተብርሃን ነገሩን በአንድ ቃል ልትጨርሰው ፈለገች። "በፍየል ሂዱ" አለች።

እኔ ደግሞ ሽማግሌ ከዶሮ ጋር ተጋፍቶ፣ ነጠላው ላይ ላባ ይዞ ዳኛ ፊት አይቀርብም አልኳት። ክብር የሚጀምረው ከወንበር ነው ብዬ ብዙ አስረዳኋት። ስለ ሞላ፣ ስለ ጥጥ፣ ደህና የተቀመጠ ሰው እንዴት ደህና እንደሚናገር ነገርኳት። ሽንኩርቷን እየከተፈች ሰማችኝና ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

"ለሽምግልና ነው የምትሄደው ወይስ ለመቀመጥ?"

ይህን ጥያቄ ያዙልኝ። እኔ ያኔ ሽንኩርቱ ነው ያናገራት ብዬ አለፍኩት።

ሳምንቱን ሙሉ ጥናት ላይ ከረምኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ትኬት ይቆርጣል። እኔ ግን ባለሙያ ነኝ፤ መናኸሪያው እየሄድኩ ኮሪየራዎቹ ሳይነሱ ገብቼ ወንበሮቻቸውን አንድ በአንድ ፈተንኩ። የሙሽሪትን ላወድስ አልፈልግም፤ ያለበስኳቸው እኔው ነኝ። እንደ ድሮ ወዳጅ ነው የተቀበሉኝ። ሹፌሯ የዚህን ወንበር ሰፊ ባገኘው እጁን እስመው ነበር አለኝ። እጄን ሰጠሁት። አልሳመውም፤ የጨበጠኝ ግን በአክብሮት ነው። ፍየል ላይ ግን የመጀመሪያው ወንበር ነከሰኝ። ሁለተኛው ወደ ጎን ጣለኝ። ሦስተኛው ላይ ተቀምጬ እየተነሳሁ፣ ተነስቼ እየተቀመጥኩ ሞላውን ሳዳምጥ፣ ሹፌሩ መሪው ላይ ተደግፎ ሲያየኝ ቆይቶ ኖሯል።

"ኣያ" አለኝ፣ "እንቁላል ልትጥል ከሆነ ጭድ ላምጣልህ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ቀልድ የገባው ሰው ነኝ። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ፍየል ከልቤ ወጣች።

ቅዳሜ ትኬት ልቆርጥ ሄድኩ። የከረን ማኪኖች ሁሉ ትኬት የሚቆረጠው አንድ መስኮት ላይ ነው። ቆራጩ ዕድሜውን ከጣልያን ጋር የሠራ ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ጣልያንኛ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ያከብራል። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነበር። በሰልፉ ውስጥ የማውቃቸው ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ ጣልያንኛን ኪስ ውስጥ ይዞ ዝም ማለት ንፉግነት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሰዋስው ላስተምራችሁ። ጣልያኖች ቦታን፣ መቀመጫን፣ ፖስቶ ይሉታል። ይህን ማንም ያውቃል፤ ጋራዥ ውስጥ አንድ ነገር ቦታው ሲገባ "ኣ ፖስቶ" ነው የሚሉት። ነገር ግን ጣልያንኛ ወንድና ሴት አለው። ወንዱ በኦ ያልቃል፣ ሴቷ በኣ። ኮሪየራ ደግሞ ሴት ናት። ሙሽሪትማ ከሴትም ሙሽራ ናት። ታዲያ የሴት ማኪና ወንበር እንዴት ብሎ ፖስቶ ይሆናል? ፖስታ ነው እንጂ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ሰልፉ ላይ ቆሜ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ጣልያኖቹ ራሳቸው ቢሰሙኝ ይገርማቸው ነበር።

መስኮቱ ጋ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠራረግሁና፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ፣ "ትሬ ፖስታ! ኮሞዳ፣ ዳቫንቲ፣ ከረን" አልኩት። ሦስት መቀመጫ፣ ምቹ፣ ከፊት ማለቴ ነው።

መነጽሩን ከፍ አደረገ። "ፖስታ?"

"እወ፣ ፖስታ።"

"ሦስት ሰው፣ በፖስታ?"

"ሦስት ሽማግሌ" አልኩት፣ ልዩነቱ እንዲገባው።

"በጤናችሁ?"

"በክብራችን" አልኩት።

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ በትግርኛ ለራሱ የሆነ ነገር አጉረመረመ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም ያለ መሰለኝ። እኔ አድናቆት ነው ብዬ ተቀበልኩት። ትኬቱን ሰጠኝና ነገ ጠዋት ፖስታ ቤቱ ጀርባ ተገኙ አለኝ። መናኸሪያው አይደለም እንዴ ብዬ ልጠይቅ አሰብኩና ተውኩት፤ ሙሽሪት የተከበረውን ሰው ከሌላ ቦታ ታነሳለች ማለት ነው። የቐንየለይ ብዬ አመስግኜው ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን ነጭ በነጭ ለብሰን ፖስታ ቤቱ ጀርባ ቆምን። የመጣችው ማኪና መጋረጃ የላትም። መጋረጃ ይቅር፣ አንዱ መስኮቷ መስታወትም የለው። ውስጧ ከፊት ሁለት መቀመጫ ተትቶ የቀረው ወንበር ተነቅሏል፤ እስከ ጣሪያ ጆንያ ተከምሯል። የመንግሥትን ፖስታ በየመንደሩ የምታደርሰው አሮጌዋ ማኪና ናት፤ ያቺ ያልቆጠርኳት ሦስተኛ። ትናንት የመጣውን ፖስታ ይዛ እሑድም ትወጣለች።

ቀሺ ሃብተ ዣንጥላቸውን ተደግፈው ዙሪያዋን አዩ። "ሙሽሪት ይቺ ናት?" አሉኝ።

ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው እውነቱን መናገር ነው። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። "ቀሺ፣ ይቺ ቀጥታ ናት" አልኳቸው፤ ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ባሻይ ተኽለ ምንም አልሰሙም፤ ጭነት ማኪና ስላዩ የድሮ ጦርነት ትዝ ብሏቸው ደስ ብሏቸዋል። ወደ መናኸሪያው ልሩጥ ብል ፍየል ከሄደች ቆይታለች፣ የሙሽሪት ወንበር ደግሞ ከትናንት ጀምሮ አልቋል አሉኝ።

ፖስታ አዳዩ ቀጭን ሰውዬ ነው፣ ኮፍያው ከራሱ ይሰፋል። ትኬታችንን ገልብጦ አየና ለሹፌሩ፣ "ሦስት የሰው ፖስታ አለን። ማኅተም እንምታባቸው?" አለው።

"ቄሱን ተው፣ የራሳቸው መስቀል አላቸው" አለ ሹፌሩ።

ከሁለቱ መቀመጫዎች የሹፌሩ አጠገብ ያለው ለቀሺ ተሰጠ። ሁለተኛውን ባሻይ ከፖስታ አዳዩ ጋር ተካፈሉት። እኔ፣ አሥመራን ያስቀመጥኩት ሰው፣ ከኋላ ጎማው በላይ ጆንያ ላይ ወጣሁ። ደብዳቤ ብቻ ቢሆን ደህና ነበር፤ ወረቀት ይመቻል። ጆንያው ግን ጥቅል ዕቃም አለው። እንዳልኳችሁ እኔ ቁጭ ባልኩበት ነገር አልታለልም። እምባደርሆ ሳንደርስ ከበታቼ ያለውን ሁሉ አውቄው ነበር፦ በግራ በኩል አንድ ጥንድ ቦቲ ጫማ፣ በቀኝ የልብስ ስፌት ማኪና መርገጫ፣ መሀል ላይ፣ ትክክል መሀል ላይ፣ መዶሻ። ለከረን ዘመዱ መዶሻ በፖስታ የሚልክ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ከረን መዶሻ የለም? መንገዱ ጉድጓድ ባለው ቁጥር ያ መዶሻ ሥራውን ይሠራ ነበር።

ፖስታ በየመንደሩ ትቆማለች። መቆም ብቻ አይደለም፤ ጆንያ ይወርዳል፣ ጆንያ ይወጣል፣ ተቀባዩ ይፈርማል፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ስለ ዝናብ ይወራል። ሰረጀቃ ስንደርስ የሚፈርመው ሰው ቤተ ክርስቲያን ነበር። ቅዳሴው እስኪያልቅ ጠበቅን። ቀሺ ሃብተ ከማኪናው ወርደው ከሩቅ ተሳልመው፣ ዜማውን ሰምተው፣ "ይህ ቄስ ያስረዝማል" አሉ። ቄስ ቄስን ሲያማ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እዚያው ቆመን ሳለ ሙሽሪት አለፈችን። መጋረጃዋ ይውለበለባል። በመስኮቷ አንድ ወፍራም ሰው አየሁ፤ ከወንበሬ ላይ፣ እኔ በሰፋሁት ወንበር ላይ፣ ተንፈላስሶ ጋዞዛ ይጠጣል። ያ የእኔ ጋዞዛ ነበር። በእጁ ሰላም አለኝ። መልሼ ሰላም አልኩት፤ የሆነ ሰው ያንተ ቦታ ላይ ተቀምጦ ሰላም ሲልህ ጨዋ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል?

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ግን ቀልዱ ከሆዴ እየጠፋ ሄደ። የመሓሪ ከንፈር ፊቴ ላይ ይመጣብኛል። ዳኛው ምሳ ቀርቦላቸው እጃቸውን ሲታጠቡ ይታየኛል። ዓዲ ተከሌዛን ላይ ፖስታ አዳዩ ሻሂ ልጠጣ ሲል ጆንያው ላይ ሆኜ ለመንኩት። ነገሩን ከመጀመሪያው አወራሁለት፤ ስለ ስልኩ፣ ስለ ሐረር፣ ስለ ምሳው።

"የዳኛ ደምሴ ልጅ?" አለኝ። ሹፌሩን ዞሮ አየው። ሻሂውን ተወው። ማኪናው ላይ ወጣና በሩን መታ።

ሓብረንገቓ ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ምን እንዳየን ልንገራችሁ። ሙሽሪት መንገድ ዳር ቆማለች፤ ጎማዋ ፈንድቷል። ትርፍ ጎማው ደግሞ ከሰው ሻንጣ ሁሉ በታች ነው የተቀበረው። ተሳፋሪዎቹ የማኪናውን ወንበሮች ነቅለው ግራር ጥላ ስር ደርድረው ተቀምጠዋል። ያ ወፍራም ሰውዬም አለ፤ ጋዞዛው አልቋል። እጄን አወዛወዝኩለት። መዶሻው ላይ እንኳ ሆኜ አንድ ነገር ልቤን ሞላው፦ ወንበሮቼ ሜዳ ላይም ያምራሉ። እና ልብ በሉልኝ፤ በሙሽሪት ሄጄ ቢሆን እዚያ ግራር ስር ነበር የምገኘው። አስቀድሞ የሚያይ ሰው ፖስታ ይቆርጣል።

ከረን ስንገባ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች። ከፖስታ ቤት እስከ ዳኛው ቤት በእግር እንዴት እንደምሄድ፣ ወይም እንዴት እንደምራመድ እያሰብኩ ሳለ፣ ማኪናዋ ፖስታ ቤቱን አልፋ ሄደች። ለካ ዳኛው ከመሄዳቸው በፊት ያለኝን ፖስታ ሁሉ ቤቴ ድረስ አምጡልኝ ብለው ኖሯል፤ ፖስታ አዳዩ መጨረሻ ላይ የሚያደርገውን መጀመሪያ ላይ አደረገልን። በራቸው ላይ ቆምን። እሱ ወርዶ በሩን አንኳኳና፣ "ፖስታ!" አለ።

"ይግባ" አለ ከውስጥ ወፍራም ድምፅ።

ገባን። አንድ ቄስ፣ አንድ ወታደር፣ አንድ በሁለት እጁ ወገቡን የያዘ ሰው። ዳኛ ደምሴ ምርኩዛቸውን ይዘው ሳሎኑ መሀል ቆመው ነበር። ከኋላቸው ሞሰቡ አለ፣ ክዳኑ ግን ገና አልተነሳም። ነፍሴ መለስ አለች።

"ፖስታው የታለ?" አሉ።

ፖስታ አዳዩ በአገጩ ወደ እኛ አመለከተ። የሳቸውን ጥቂት ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ወጣ።

እኛ ሽማግሌዎቹ ቀደም ብለን ተስማምተናል። በመሀል አገር ልማድ ሽማግሌ ወዲያው አይቀመጥም፤ ስለዚህ ተቀመጡ ስንባል አንድ ጊዜ እንቢ እንላለን፣ ሁለተኛው ላይ እሺ። ዳኛው በትሕትና ተቀመጡ አሉን። እኔም፣ "ጌታዬ፣ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አልኩ። እስከዚህ ደህና። ባሻይ ተኽለ ስላልሰሙ ተቀምጠዋል፤ ቀሺ በነጠላቸው ጎትተው አስነሷቸው። ጉዳዩን ተናገርኩ። ስለ መሓሪ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ሁለቱ ስልኮች፤ ያን አማርኛዬን ብትሰሙት። ሐዬም ዐዬም ከነክብራቸው ነበሩ። የውስጠኛው በር ትንሽ ከፈት ሲል አየሁ፤ ልጅቷ ናት።

ዳኛው ሰምተው ሲጨርሱ፣ "መልካም። አሁን ተቀመጡ" አሉ።

ሁለተኛው ይኸው ነው። ቀሺ ሃብተ ጉልበታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። እኔ ወንበሩን አየሁት። የእንጨት ወንበር ነው፤ ጥጥ የለው፣ ሞላ የለው፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው። የገላዬ የታችኛው ክፍል በሙሉ በአንድ ድምፅ እንቢ አለኝ።

"አንቀመጥም" አልኩ።

ቀሺ መሀል መንገድ ላይ ቆመው ቀና አሉ። ዳኛው ዐይናቸውን አጠበቡ። "ጉዳያችሁን ተናገራችሁ እኮ።"

"መልሱንም ቆመን ነው የምንሰማው።"

እንግዲህ ሽማግሌ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥም። ዳኛው ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ነገሩ ትልቅ መሆኑን፣ ከዘመድ ጋር መማከር እንዳለባቸው፣ አገር ቤት ያሉ ወንድሞቻቸው ያልሰሙት ነገር እንደማይሆን ተናገሩ። ጉልበታቸው ቀስ እያለ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አየሁት። እኔም እየተንቀጠቀጥኩ ነው፤ በሌላ ምክንያት። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦

"ሐረር ስደርስ መልሱን በፖስታ እልክላችኋለሁ።"

ይህ ለሽማግሌ የሚሰጥ እንቢታ ነው፤ ጨዋ ሰው እንቢ የሚለው እንዲህ ነው። ቀሺ አንገታቸውን ደፉ። የውስጠኛው በር ተዘጋ። መሓሪ መጣብኝ፣ ከንፈሩ መጣብኝ። ያዘጋጀሁት አማርኛ ሁሉ ጠፋኝ፤ የቀረኝ ከመዶሻው ላይ ያገኘሁት እውነት ብቻ ነው።

"ጌታዬ" አልኩ፣ "ፖስታን ዛሬ ነው ያወቅኳት። ስመጣባት ነው የዋልኩት። በየመንደሩ ትቆማለች። ፈራሚው ቤተ ክርስቲያን ይሆናል። ቀለም እስኪደርቅ ትጠብቃለች። ከአሥመራ እስከዚህ እንዲህ ከሆነች፣ ከሐረር እስኪመጣ ልጆቹ ያረጃሉ። እኔን ይዩኝና ይፍረዱ፤ በፖስታ የተላከ ነገር ምን ሆኖ እንደሚደርስ።"

ዳኛው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ነጠላዬ የጆንያ አቧራ ነው፣ ፀጉሬ ላይ የገመድ ቃጫ አለ፣ እግሬ ተከፍቶ ነው የቆመው። አፋቸው ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

"ተቀመጥና እናውራው።"

"ቆሜ ነው" አልኩ። ኩራት እንዳይመስላችሁ።

ሞሰቡ ይቀዘቅዛል። የዳኛው ባለቤት ከጓዳ ወጥተው ቆሙ፤ ሽማግሌ ቆሟልና እሳቸውም አልተቀመጡም። ቤቱ ሁሉ ቆመ። ባሻይ ተኽለ ምን እየተጠበቀ እንደሆነ ባያውቁም እንደ ወታደር ቀጥ ብለዋል። ዳኛው ጉልበታቸውን በእጃቸው ያዙ።

"ችሎት ላይ ብዙ ሰው አቁሜአለሁ" አሉ። "እኔን ያቆመኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ባገሬም አላየሁ።" ወደ ባለቤታቸው ዞሩ፤ ወይዘሮዋ አንገታቸውን ነቀነቁ። ወደ ውስጠኛው በር ዞሩና፣ "አንቺስ?" አሉ።

"እሺ አባባ" የሚል ድምፅ መጣ። እውነትም ለስልክ የተፈጠረ ድምፅ ነው።

"ልጄን ሰጥቻችኋለሁ" አሉ ዳኛው። "በሉ፣ ስለ ፈጣሪ ተቀመጡልኝ።"

ቀሺ መረቁ። ባሻይ ተቀመጡ። ዳኛው እጄን ይዘው የራሳቸውን ወንበር፣ ከሁሉ የከበደውን፣ ከሁሉ የደረቀውን፣ ራሳቸው አቀረቡልኝ። ይህን ክብር እንዴት እንቢ ይባላል? ተቀመጥኩ። ዐይኔ እንባ ሞላ፣ በጉንጬም ወረደ።

"እዩት" አሉ ዳኛው ለባለቤታቸው ድምፃቸው ተሰብሮ። "ደስታ አስለቀሰው።" እሳቸውም ዐይናቸውን ጠረጉ። ከአጥንቴ እስከ ጥርሴ እየነዘረኝ፣ ከዚያ ምሳ የበላሁትን አላስታውስም፤ የዶሮ እግር በእጃቸው እንዳጎረሱኝ ግን አስታውሳለሁ።

የተመለስነው በፍየል ነው፣ ሌላ ማኪና አልነበረም። ሹፌሩ አወቀኝ። ወንበር እያለ እስከ አሥመራ ቆሜ ስሄድ በመስታወቱ አይቶኝ፣ "ኣያ፣ እንቁላሉን ጣልከው እንዴ?" አለኝ።

"ጥያለሁ" አልኩት። "ጫጩቱ ሲፈለፈል ለሠርጉ ትጠራለህ።"

ቤት ስደርስ መሓሪ በር ላይ ነበር። መስመሩ ተቀጥሏል አልኩት። አንገቴን ሲያቅፈኝ የልቡን ምት ሰማሁት። ሱቅ ውስጥ የዋለ ቆዳ ሰፊ፣ ትምህርት ቤት ያልረገጠ ሰው፣ አንድ ዳኛ በአማርኛ አቁሜ ልጅ አምጥቼለታለሁ። ልኩራ እንጂ።

ለተብርሃን እራት አቀረበች። "ተቀመጥ" አለችኝ።

"ቆሜ እበላለሁ።"

አየችኝ። አረማመዴን አየች፣ ነጠላዬ ላይ ያለውን ቃጫ አየች። "በየትኛዋ ነው የሄድከው?"

"በፖስታ።"

ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። "በአደራ ደብዳቤ ነው ወይስ በተራ?" አለች። ከዚያ ያን ያስያዝኳችሁን ጥያቄ አነሳችው። "ለሽምግልና ነው የሄድከው ወይስ ለመቀመጥ?"

"ለመቆም" አልኳት።

ተነስታ ወደ ሱቄ ሄደችና ለአንድ ሹም ማኪና የሰፋሁትን፣ ገና ያልወሰደውን አዲስ ትራስ አምጥታ ወንበሬ ላይ አደረገችው፣ በእጇም መታ መታ አድርጋ አለሰለሰችው። ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሞላውን ሳላዳምጥ የቀረሁት ያኔ ነው።